የአቅላሚው ልጅ ፀጉር

ሰው መድኃኒት ቤት ውስጥ የሚያውቀውን ሰው ሲያገኝ ትንሽ ይደነግጣል። ምን አሞት ይሆን ብሎ መጠየቅ ይፈልጋል፣ መጠየቁ ደግሞ ነውር ይመስለዋል፣ በዚህ መሀል ሁለቱም ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ልብስ አቅላሚውና ፀጉር ሠሪዋ ሐሙስ ረፋድ ላይ የተገናኙት እንዲሁ ነበር።

አቅላሚው የደበዘዘ ኮት፣ የነጣ ሱሪ፣ መልኩ የጠፋ ቀሚስ ተቀብሎ፣ ነክሮና አሽቶ አዲስ አስመስሎ የሚመልስ ሰው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ኖሯል። በጥፍሮቹ ዙሪያ ያለው ሰማያዊ ቀለም በምንም ሳሙና አይለቅም፤ እሱም ማስለቀቁን ከተወ ቆይቷል። የዚያን ዕለት የመጣው ለተሰነጣጠቀው እጁ ቅባት ሊገዛ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ሽማግሌ ነው፤ እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ የወላጆችን ስብሰባ ይመራል። ቀጥ ያለ፣ ቃሉን የሚያከብር፣ ሲናገር የሚደመጥ ሰው ነው። አንድ ጉድለት አለበት ከተባለ፣ ጥያቄ ሲቀርብለት ጥያቄውን ከመመለስ ይልቅ ጠያቂውን መገሠጽ ይቀናዋል።

ፀጉር ሠሪዋ ከሱ ሱቅ ሦስት በር አልፋ ነው የምትሠራው። ቢሞላት ሠላሳ ዓመት ነው። በልጅነቷ የሰንበት ትምህርት ያስተማራት እሱ ነበር። አድጋ የሙያ ትምህርት ቤት ገባች፣ ስለ ፀጉርና ስለ ቆዳ ሁለት ዓመት ተማረች፣ የምስክር ወረቀቷንም ከመስታወቱ በላይ ሰቀለች። እሷ ጋሼ ትለዋለች፤ እሱ ዛሬም "አንቺ ልጅ" ይላታል።

"እንዴት አደርሽ አንቺ ልጅ? ዝናቡስ እንዴት አደረገሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ። እርስዎስ ደህና አደሩ?" አለችና የገዛችውን የቅባት ቱቦ ቶሎ ወደ ቦርሳዋ ልትከት ስትል፣ ፋርማሲስቱ ከመደርደሪያው ኋላ ተጣራ።

"እህቴ፣ ቆይ እንጂ! አልጨረስኩልሽም። ቃጠሎው ጭንቅላቷ ላይ ነው ያልሽኝ አይደል? ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?"

"አሥራ ስድስት።"

"ያቃጠላትስ ምንድን ነው?"

ፀጉር ሠሪዋ አንዴ አቅላሚውን፣ አንዴ ወለሉን አየች። ውሸት አይሆንላትም። "ሶዳ" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "የልብስ ማቅለሚያ ሶዳ።"

በዚያ ሰፈር ልብስ የሚያቀልም አንድ ሰው ብቻ ነው። የዚያ ሰው ልጅ ደግሞ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አቅላሚው ክው ብሎ ቀረ። ቅዳሜ ዕለት የሶዳው ቆርቆሮ ክዳን ሳይገጥም አግኝቶት፣ "ማርጀቴ ነው እንግዲህ፣ ክዳን መግጠም አቃተኝ" ብሎ ራሱን ሲወቅስ ትዝ አለው። ከዚያም ሻሹ ትዝ አለው።

ስለ ሻሹ መናገር ያስፈልጋል። ልጅቷ ከቅዳሜ ጀምሮ ፀጉሯን በግራጫ ሻሽ ሸፍና ነበር የምትውለው። አባትየው ነገሩን አይቶ ደስ አለው። ከሁለት ወር በፊት ፀጉሬን ልቀባ ብላ ጠይቃው ከልክሏታል፤ እነሆ አሁን በገዛ ፈቃዷ ተሸፈነች። በዚህም አላበቃም። እሑድ በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ "ልጆቻችሁን አጥብቃችሁ ያዙ፣ ፍሬውን ታያላችሁ። የኔን ልጅ ሻሽ ተመልከቱ" አለ። ሰውም ዞሮ ተመለከተ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እሱ ትሕትና መሰለው።

ከመድኃኒት ቤቱ ወጡ። በመንገዱ ላይ እሱ ፊት ፊት፣ እሷ ኋላ ኋላ እያሉ ሄዱ። በሯ ላይ ሲደርሱ ግን ሱቋን አልፎ መሄድ አቃተው፤ እግሩ እዚያው ቆመ።

"ክፈቺ" አላት።

ቤቱ ባዶ ነበር። ሁለት ወንበር፣ አንድ የመታጠቢያ ሳህን፣ በገመድ ላይ የተሰጡ ፎጣዎች፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የተለያየ ቀለም ያላቸው የፀጉር ዘለላዎች በመደዳ የተለጠፉበት ሰሌዳ። አቅላሚው ሰሌዳውን ሲያይ ደሙ ፈላ።

"አንቺ ነሽ! አንቺ ነሽ ይህንን ያሳየሻት! እኔ ቃሉን ያስተማርኩሽ ልጅ፣ የኔኑ ልጅ..."

"ጋሼ፣ ይቆጡ። ይገባዎታል። ግን ተቀምጠው ይቆጡ።"

ፀጉር የሚታጠቡበት ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ሲያጋድል ሊወድቅ ምንም አልቀረው። በሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም ይስቁ ነበር።

"ቁስሉ እንዴት ነው? መጀመሪያ እሱን ንገሪኝ።"

"ከቀኝ ጆሮዋ በላይ ነው፣ መዳፍ ያክላል። ሐኪም አይቶታል፤ ማክሰኞ ዕለት እናቷ ጤና ጣቢያ ወስዳታለች። ንጹሕ ነው፣ እየደረቀ ነው። ፀጉሩ አብዛኛው ይመለሳል ብለዋል። ትንሽ ቦታ ላይ ግን ላይበቅል ይችላል፤ ይህን ልደብቅዎት አልፈልግም።"

"እናቷ ታውቃለች?"

"ሰኞ ማታ ሻሹን አውልቃ አየችባት። በማግስቱም እኔ ዘንድ ይዛት መጣች፤ እኔ ነኝ ሐኪም ጋ ውሰጃት ያልኳት። ዛሬ ቅባቱ አለቀ፣ እሷ ደግሞ ከምትሠራበት መዋዕለ ሕፃናት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መውጣት አትችልም፤ ግዥልኝ ብላ ነው የላከችኝ።"

"በገዛ ቤቴ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኛ!"

ፀጉር ሠሪዋ ከገመዱ ፎጣ አውርዳ ማጠፍ ጀመረች። ሰውየው ብልጥ ነው፤ ነገሩን ራሱ ተረጎመው። ሚስቱና ልጁ ከቁስሉ ይልቅ እሱን ፈርተው ነበር። ይህን መቀበል ከሶዳ በላይ ያቃጥላል።

ጥቂት ቆይቶ በሌላ በኩል መጣ፤ ሽማግሌነቱ ተመለሰለት። "ለማንኛውም ከልክያት ነበር። ብትታዘዝ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስባትም ነበር። ጌታ ራሱ ከፀጉራችን አንዷን እንኳ ማንጣት ወይም ማጥቆር እንደማንችል ተናግሯል። ፈጣሪ የሰጠውን መልክ ልቀይር ማለት ምን ይባላል?"

"ጋሼ፣ ያንን ክፍል ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ከጎኑ ያለው ስለ ምን ነበር?"

አቅላሚው ጥሩ አስተማሪ ነበርና መልሱን ያውቀዋል። "ስለ መሐላ ነው" አለ በመጨረሻ። "በራሳችሁ አትማሉ ነው ነገሩ።"

"አንድ መስመር ነጥቀን ስንሮጥ፣ 'ቁጭ በሉ፣ ከላይ ጀምራችሁ አንብቡ' ይሉን ነበር። እኔ አልረሳሁትም።"

"በነገር ያዝሽኝ እንግዲህ" አለ። ፊቱ ግን ትንሽ ለዘብ አለ፤ ያስተማሩት ልጅ ሲያስታውስ ማን ይጠላል? "ይሁን፣ እሱን ትቼዋለሁ። ሥጋችን ግን መቅደስ ነው። እሱንስ ምን ትዪበታለሽ?"

"እውነት ነው። እኔም በየቀኑ እሱን እያሰብኩ ነው የምሠራው። እንግዲያው ጥያቄያችን መቅደሱን ምን ይጎዳዋል የሚለው ነው። በደንብ የተመረጠ፣ ተሞክሮ የታየ የፀጉር ቀለም ፀጉሩን ይነካል፣ ፀጉሩም አድጎ ይቆረጣል። ሶዳ ግን ሥጋውን ይበላል። ልጅቷን የጎዳት የቱ ነው ጋሼ?"

"ውስጥን እንጂ ውጭን አታሳምሩ ተብሏል።"

"እሱም እውነት ነው። ውስጧ ምን እንዳለ ግን ጠይቀዋት ያውቃሉ? አንዷ ልጅ ራሷን ጠልታ ይሆናል፣ አንዷ ጓደኞቿ ስቀውባት ይሆናል፣ አንዷ ደግሞ እንዲሁ ደስ ብሏት ይሆናል። የመጀመሪያዋ ቀለም ሳይሆን የሚያጽናናት ሰው ነው የሚያስፈልጋት። ሦስተኛዋ ምንም አላጠፋችም። 'አይሆንም' ብቻ ብለን ከዘጋን፣ የትኛዋ ከፊታችን እንደ ቆመች በምን እናውቃለን?"

አቅላሚው ያንን የእራት ሰዓት አስታወሰ። ልጅቷ ቤት ውስጥ "ወፌ" ነው የምትባለው፤ ጠዋት ከተነሣች ጀምሮ መንጫጫት ስለማትተው። "አባዬ፣ ፀጉሬን ብቀባው ምን ይመስልሃል?" አለችው። "በዚህ ቤት ይህ ነገር አይነሣም" አላት። "ለምን?" አለች። "አባትሽ ስላለ" አላት። ወፌ ከዚያ ወዲህ በእራት ሰዓት የምታወራው ጨው አቀብሉኝ ስትል ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ልጅቷ በሰለች ብሎ ነበር።

"አልጠየቅኳትም" አለ።

"እኔ ግን ጠይቄያታለሁ። ከሁለት ወር በፊት እዚህ መጥታ ቅቢኝ ብላኝ ነበር። ከአባትሽ ወይም ከእናትሽ ጋር ካልመጣሽ አልነካሽም አልኳት። ሕጌ ነው፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነችን ልጅ ያለ ወላጅ አልቀባም። ስለዚህ ነው ወደ እርስዎ መጥታ የጠየቀችው።"

"ታዲያ ምን አለችሽ? ለምን ፈለገች?"

ፀጉር ሠሪዋ መሳቢያዋን ከፍታ ከማበጠሪያዎቹ ሥር አንዲት ትንሽ የሱፍ ቁራጭ አወጣች፤ ጥቁር ቡናማ ሆና ብርሃን ሲያገኛት ወደ ቀይ የምታደላ። መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

"'ሰሌዳሽ ላይ የለም፣ ይህችን ነው የምፈልገው' ብላ ትታልኝ የሄደችው ነው።"

አቅላሚው ሥራውን ለማወቅ መነጽር አላስፈለገውም። ያቺን ቀለም ከሦስት ዓይነት ዱቄት ያወጣት እሱ ነው፤ ለሚስቱ ኮት። ልጅቷ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ በርጩማ ላይ አቁሟት ማማሰያውን ሰጥቷት ነበር። "አሁን ሶዳው ይገባል" አላት፤ "ሶዳ ካልገባበት ቀለም አይዝም፤ ይህን አትርሺ።" እሷም ቃል በቃል እየደገመች ስታማስል ዋለች። ከኮቱ ጠርዝ የተቆረጠችውን ቁራጭ ስጠኝ ብላ ለምና ወሰደች። ስምንት ዓመት ሙሉ የት እንዳስቀመጠቻት እሱ አያውቅም።

"ዓለምን ተከትላ ነው ብዬ..." አለና ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም። ዕንባ ሲመጣበት በዚያ ሰማያዊ ጣቱ ዓይኑን አሸ።

ፀጉር ሠሪዋ ውኃ ቀዳችለት። እስኪጠጣ ጠበቀችና ነገሩን ቀጠለች፤ የጀመረችውን ሳትጨርስ የምትተው ሴት አይደለችም።

"ጋሼ፣ እርስዎ የመጣልዎትን ልብስ ሁሉ ያቀልማሉ?"

"የለም። የሳሳውን፣ የተበላውን እመልሳለሁ።"

"ሲመልሱ ምክንያቱን ይነግራሉ?"

"እንዴታ! ካልነገርኩት ቤቱ ወስዶ በፈላ ውኃ ይዘፈዝፈዋል፤ ልብሱ ይቀደዳል..." እዚህ ላይ ራሱን ሰማ። ውኃውን አስቀመጠ።

"የተቀበሉትንስ? ወዲያው ከበርሜሉ ይከቱታል?"

"ከጠርዙ ክር ቆርጬ ሳልሞክር? ሞኝ አደረግሽኝ እንዴ?"

"እኛም እንዲሁ ነን። ከጆሮ ጀርባ ወይም ክንድ ላይ ጠብታ እቀባለሁ፣ ሁለት ቀን እጠብቃለሁ። ካሳከከ ወይም ከቀላ አበቃ፣ አልቀባም፤ የፀጉር ቀለም እንኳ የማይስማማው ሰው አለ። ለጀማሪ ደግሞ ታጥቦ የሚለቀውን ነው የምመርጠው። ይህንን ሁሉ ልጅቷ ብታውቅ ኖሮ ቆርቆሮዎን ትከፍት ነበር? በእርስዎ ቤት ስለ ቀለም የሰማችው ስለ ልብስ የሚሆነውን ብቻ ነው። ስለ ፀጉር ስትጠይቅ በሩ ተዘጋ። የምታውቀውን ይዛ ሄደች።"

አቅላሚው ግን እጅ በቀላሉ የሚሰጥ ሰው አይደለም፤ ቢሆንማ ሽማግሌም ባልተባለ። "እሺ" አለ፣ "ዛሬ ፀጉር ብዬ ፈቀድኩ። ነገ ንቅሳት ብትለኝስ? ከነገ ወዲያ ደግሞ ሌላ ብትለኝስ? ማቆሚያው የት ነው?"

"ያኔ ስለ ንቅሳት ትነጋገራላችሁ፣ ያኔ አይሆንም ይሏት ይሆናል። የሚለቅ ነገርና የማይለቅ ነገር አንድ አይደለም፤ ይህን ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል? ግን ስለ ፀጉሯ ያዳመጣት አባት 'አይሆንም' ሲላት ትሰማዋለች። እኔም እኮ እምቢ እላለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇን ፀጉር አንጪልኝ ብላኝ ተጣልተን ተለያየን።"

"ሰውስ? ጉባኤው ምን ይላል? የሽማግሌው ልጅ ፀጉሯን አቀላች ሲባል!"

"ይላላ! ሁለት እሑድ ይላል። ከዚያ ሌላ ወሬ ያገኛል።"

ይህን ስትል ሳያስበው ሳቀ። ከዚያም ጣቱን አነሣ፤ የመጨረሻ ነገር ሲኖረው እንዲህ ያደርጋል። "አንድ ነገር ግን አልለቅም። ከሱቄ ደብቃ መውሰዷ፣ ሻሽ አድርጋ ማታለሏ ጥፋት ነው። እሱን ዝም ብዬ አላልፍም።"

"አይለፉ። ትክክል ነዎት፣ ይገሥጿት። ሁለቱን ግን አይደባልቁባት። ደብቃ መውሰዷ ጥፋት ነው፤ ቀለሙን መፈለጓ ግን ጥፋት አይደለም። አንድ ላይ ከቀጧት ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ኃጢአት ይመስላታል።"

በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ካሳደገው ልጅ መማር ይከብደዋል። አቅላሚው ከበደው፣ ግን ተማረ። ሲወጣ ለልጁ የተገዛውን ቅባት ተቀብሎ የሱፉን ቁራጭ በደረት ኪሱ ከተተ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም "አንቺ ልጅ" ሳይል፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ" ብሏት ሄደ።

ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷን ቤት አገኘችው። በዚያ ሰዓት ቤት ተገኝቶ አያውቅም። ጠረጴዛው ላይ የቅባቱን ቱቦና የሱፉን ቁራጭ ጎን ለጎን ስታይ ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወረደ። ወደ በሩ ዞራ አየች፤ መሄጃ ግን አልነበራትም።

"ነይ ተቀመጪ" አላት። "ቅባቱን እኔ ልቀባሽ።"

ሻሹን ቀስ ብላ ፈታችው። አቅላሚው በሥራው ብዙ የተበላሸ ነገር አይቷል፤ ይህን ሲያይ ግን ልቡ ስንጥቅ አለ። በቀዩ ቁስል ዙሪያ ፀጉሩ ተነቃቅሏል። ቅባቱን በትንሿ ጣቱ ጫፍ እያደረገ፣ ትንፋሹን ይዞ ቀባት። እሷ ታለቅሳለች፤ ዕንባዋ ጉልበቷ ላይ ይንጠባጠባል።

"አባዬ፣ ቀለሙንም ሶዳውንም ከሱቅህ ደብቄ ነው የወሰድኩት። ይቅርታ።"

"አዎ፣ ደብቀሽ ወሰድሽ፤ ጥፋት ነው። ክዳኑንም ሳትገጥሚ ሄድሽ፤ ሌላ ሰው ሊጎዳበት ይችል ነበር። ይህንን ዳግመኛ እንዳታደርጊ።"

"እሺ።"

"አሁን ደግሞ የኔን ጥፋት ስሚ። ጠየቅሽኝ፣ አልመለስኩልሽም። ለምን አልሽኝ፣ አባትሽ ስላለ አልኩሽ። ያ መልስ አይደለም። ሌላ ቦታ ሄደሽ መልስ የፈለግሽው በኔ ምክንያት ነው። ይቅር በዪኝ ወፌ።"

አባት ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምታ አታውቅም። ዕንባዋን ጠረገች። ከዚያ ከቁስሉ በላይ በጣቷ እየፈለገች አንዲት ቀጭን የፀጉር ዘለላ ለይታ አወጣች። "ግን አባዬ... እዚህች ላይ ይዟል እኮ።"

"እስቲ!" አለና ሳያውቀው ወደ መስኮቱ አስጠጋት። ዘለላዋን ወደ ብርሃን አዙሮ አየ፤ የሱፉን ቁራጭ አጠገቧ ያዘ። ያቺው ቀለም ናት። "ጉድ እኮ ነው!" አለ፣ የሙያ ሰው ሆኖበት። ሁለቱም በዕንባቸው መሀል ሳቁ፤ እናትየው ስትገባ ያገኘቻቸው እንዲህ ሆነው ነው። ከበሩ ላይ ቆማ ኮቷን አወለቀች።

ቅዳሜ ማታ አባትየው ልጁን አንድ ነገር ጠየቃት። "ነገ በስብሰባው ላይ ያልኩትን ላርም እፈልጋለሁ። ያላንቺ ፈቃድ ግን አልናገርም።"

"ንገራቸው" አለች አስባ። "ሻሼን ግን አላወልቅም።"

"አታወልቂም።"

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወላጆች በተለመደው ክፍል ተሰበሰቡ፤ ጥቂት ልጆችም ከኋላው አግዳሚ ላይ ነበሩ። አቅላሚው ተነሣ። እጁን ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተ፤ ሰው ፊት መናገር ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

"ባለፈው እሑድ የልጄን ሻሽ ተመልከቱ ብያችሁ ነበር" አለ። "ያን ሻሽ የኔ አስተዳደግ ፍሬ አድርጌ ነበር የነገርኳችሁ። አይደለም። ከሥሩ ቁስል ነበር። ልጄ ፀጉሯን ልትቀባ ጠየቀችኝ፣ ምክንያት ሳልነግራት ዘጋኋት፣ እሷም ተደብቃ የልብስ ሶዳ ተጠቀመች። ቁስሏን ከኔ ደብቃ ስድስት ቀን ተቀመጠች። እኔ ደግሞ በዚያ ቁስል እዚህ ቆሜ ተመካሁ።"

አንድ የአምስት ልጆች አባት፣ በሥራው የአውቶቡስ ሾፌር፣ እጁን አነሣ። "ታዲያ ሽማግሌ፣ ልጆቻችን የፈለጉትን ይቀቡ እያልከን ነው?"

"ጠይቁ ነው የምላችሁ። ለምን እንደፈለጉት ጠይቁ፣ እስኪጨርሱ አድምጡ። ራሳቸውን ጠልተው ከሆነ፣ እሱን ፈውሱ፤ ቀለም ያንን አይፈውስም። ትምህርት ቤቱ የሚከለክል ከሆነ ይጠብቁ። ከዚያ ሌላ ክፋት ካላገኛችሁበት፣ ሙያውን ከሚያውቅ ሰው ዘንድ ይዛችኋቸው ሂዱ፤ ክንዳቸው ላይ ተሞክሮ ሁለት ቀን ይታይ። ስለ ፀጉር ቀለም የተጻፈ ክልከላ ፈለግኩ፣ አላገኘሁም። ልጆቻችሁን አታስመርሯቸው የሚል ግን አገኘሁ፤ እሱን ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው ስሰብከው ነበር።"

ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ፤ መስማማቱ ይሁን መገረሙ አልታወቀም። "ትርፉ ምንድን ነው ግን?" አለ።

"ትርፉማ ቀላል ነው። ልጅህ የሚያደርገውን ታውቃለህ። በስውር ከሚደረግ ነገር በፊትህ የሚደረግ ይሻላል፤ ቢሳሳት እንኳ እጅህ ቅርብ ነው። በቆዳው የሚቀባውን መመርመር ይለምዳል፣ ይህም ጤናው ነው። ለትንሹ ነገር መልስ ያገኘ ልጅ፣ ትልቁ ነገር ሲመጣበት፣ መጥፎ ጓደኛም ይሁን መጥፎ ሐሳብ፣ ወዳንተ ይመጣል። እምነቱንም እንደ መሸፈኛ አይቆጥረውም። እኔ ሁለት ወር ልጄ ስትጫወት ሳልሰማ ኖርኩ፤ ከዚህ የከፋ ኪሳራ አላውቅም።"

ከኋላው አግዳሚ ግራጫ ሻሽ ያደረገች ልጅ አንገቷን ቀና አድርጋ ተቀምጣ ነበር።

ቁስሉ ሊድን አምስት ሳምንት ፈጀ። ከጆሮዋ በላይ ጣት የምታክል ቦታ ሳይበቅል ቀረ፤ ፀጉሯን በዚያ በኩል ስትለቀው አይታይም። የትምህርት ዘመኑ ሲዘጋ አባትና ልጅ ወደ ፀጉር ሠሪዋ ቤት አብረው ሄዱ። አቅላሚው የሱፉን ቁራጭ አስረከባትና እጅጌውን ጠቀለለ።

"እኔም ላይ ሞክሪው" አላት።

"ጋሼ፣ እርስዎ የሚቀቡት ፀጉር የት አለ?" አለች፣ መላጣውን እያየች።

"ልጄ ክንድ ላይ የሚቀባ ነገር እኔም ክንድ ላይ ይቀባል። ጣጣ አታብዢ!"

ሁለት ቀን ሙሉ አባትና ልጅ ክንዳቸው ላይ ቡናማ ነጥብ ይዘው ዋሉ፤ ጠዋትና ማታ መስኮት ሥር ቆመው እያስተያዩ። አላሳከከም፣ አልቀላም። በሦስተኛው ቀን ወፌ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አቅላሚው ከጎኗ በርጩማ ስቦ፣ ፀጉር ሠሪዋ ስታቀላቅል በዓይኑ እየተከታተለ፣ ሁለት ጊዜ "ቀዩ በዛ" ብሎ፣ ሁለት ጊዜ "ዝም ይበሉ ጋሼ" ተብሎ ጨረሰ። ታጥቦ ሲደርቅ የእናቷ ኮት ቀለም ሆነ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ልጅቷ መናገር ጀመረች። ፀጉር ከሱፍ በምን ይለያል? ሶዳ ለጥጥ ሲስማማ ለቆዳ ለምን አይስማማም? ትምህርቷን ስትጨርስ ኬሚስትሪ ብታጠና ምን ይመስለዋል? የሚያውቀውን መለሰላት፣ የማያውቀውን አላውቅም አላት። መንገዱ አጭር ነው፤ በር ላይ ሲደርሱ ገና አልጨረሰችም ነበር። አቅላሚው ቁልፉን ከኪሱ ሳያወጣ፣ እስክትጨርስ በሩ ላይ ቆመ።